«ሻርክ አለ እንዴ?» ለምትሉ ልጆቼ

ባለፈው ቅዳሜ ጣና ዳር ፎቶ ከሚነሱ ተማሪዎች አንዷ «ጋሼ፣ እዚህ ውስጥ ሻርክ አለ እንዴ?» አለችኝ። ጓደኞቿ ሳቁባት። እኔ አልሳቅሁም። በዓሣ ሥራ ላይ ገና ጀማሪ ሳለሁ ይህንኑ የጠየቀኝን አንድ እንግዳ ልጅ ስቄበት፣ «የለም፣ ጣና ሰላም ውሃ ነው» ብዬ ሸኝቼዋለሁና።

ልጁ በማግሥቱ አመሻሽ ላይ ታንኳ ተከራይቶ ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት ሄደ። ታንኳ ድምፅ የለውም፤ ከታሰረ የደንገል ነዶ የተሠራ ስለሆነ ውሃ ላይ ሲሄድ አይሰማም። ጉማሬ ደግሞ እንደምታስቡት አይዋኝም፤ ሥሩን እየረገጠ ይራመዳል፣ አምስት ደቂቃ ያህል ትንፋሹን ይይዛል። ስለዚህ ከላይ ያለው ታችኛውን አያይም፣ ታችኛውም የላዩን አይሰማም። ልጁ ሳያውቀው ልጇን ባስከተለች ጉማሬና በጥልቁ ውሃ መካከል ገባ። መሸሻዋን ዘጋባት ማለት ነው። ታንኳውን ከወገቡ ነከሰችው። የጉማሬ የታችኛው ክራንቻ እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ማሰሪያው ሲበጠስ ነዶው ተበታተነ፤ አንዱ ክራንቻ የልጁን ጭን አግኝቶ አጥንቱን ሰበረው። ደንገል ተቆርጦም ይንሳፈፋልና አንዱን ነዶ እንደታቀፈ ሁለት አሥጋሪዎች ደርሰው አወጡት። ነዶውን በኋላ አይቼዋለሁ፤ ጫፉ በማጭድ የተቆረጠ አይመስልም፣ እንደ ሸንኮራ የታኘከ ነው።

የነገርኩት ውሸት አልነበረም። ግን ልጁ ይዞት የመጣው ፍርሃት አንድ ብቻ ነበር፤ «ሻርክ የለም» ሲባል ፍርሃቱን ሁሉ እዚያው ጥሎት ሄደ። የሚፈራውን ነገር ልቀይርለት ሲገባኝ ባዶ እጁን ሰደድኩት።

ለሻርኩ ጥያቄ ተገቢው መልስ ይኸውላችሁ። ከ500 በላይ የሻርክ ዓይነቶች አሉ፤ አብዛኞቹ ከጨው ውሃ አይወጡም። ደማቸው ዩሪያ በሚባል፣ ሽንት ውስጥም በሚገኝ ንጥረ ነገር የተሞላ ስለሆነ ጨው አልባ ውሃ ውስጥ ቢገቡ ውሃው ወደ ሰውነታቸው ይሰርግባቸዋል። በሬ ሻርክ የሚባለው ግን ዩሪያውን ቀንሶ፣ ኩላሊቱ ብዙ ቀጭን ሽንት እያስወጣ ወንዝ ለወንዝ ይጓዛል፤ በዛምቤዚና በኒካራጓ ሐይቅ ታይቷል፣ በአማዞን ሽቅብ ፔሩ ድረስ ዘልቋል። ወደ ጣና ግን መንገድ የለውም። ፏፏቴዎቹና የአስዋን ግድብ፣ ከዚያም የእኛው ግድብ አሉ፤ እነዚህን ሁሉ ቢያልፍ እንኳ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ዝቅ ብሎ 40 ሜትር ገደማ የሚወረወረው ጢስ ዓባይ ይጠብቀዋል። ናይል ፐርች የሚባለው ትልቅ ዓሣ እንኳ ያንን አልወጣውም፤ ለዚህ ነው ጣና ውስጥ የሌለው። በነገራችን ላይ የጣና ነጭ ዓሣ ዝርያዎች 15 ያህል ሲሆኑ ግማሾቹ ገደማ ሌላ ዓሣ ይበላሉ፤ አፋቸውን ከፍታችሁ ብትፈልጉ ግን አንድም ጥርስ አታገኙም። ጥርሳቸው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። ፍርሃት የሚወደው ፊት ለፊት የሚታይ ጥርስ ስለሆነ እነዚህን ማንም ፈርቷቸው አያውቅም።

ሻርክን መፍራት ከንቱ ነው አልልም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1916 በአሜሪካ ኒው ጀርሲ በ12 ቀን ውስጥ አራት ሰዎች ሞተዋል፤ ሁለቱ የተነከሱት ከባሕር ገባ ባለ ማታዋን በሚባል ጅረት ውስጥ ነው። ግን በዓለም ዙሪያ ሳይተነኮስ ሻርክ የሚነክሰው ሰው በዓመት ከመቶ በታች ነው፤ የሚሞቱትም ብዙውን ጊዜ ከአሥር አይበልጡም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት ደግሞ ሰው በዓመት 100 ሚሊዮን ያህል ሻርክ እንደሚገድል ገምቷል። እናንተ ስልካችሁ ላይ ሌሊቱን የምታዩት ቪዲዮ ይህን አይነግራችሁም። አሁን እኔም አያለሁ፣ አልዋሽም፤ የልጅ ልጄ ስታሳየኝ ዓይኔን መንቀል ያቅተኛል። የዘመኑ ልጆች ግን የሩቁን አውሬ ስም በዝርዝር ታውቃላችሁ፣ የደጃችሁን አታውቁም። ልጅቷን ግን እዚህ ውስጥ አላስገባትም፤ ቢያንስ ጠይቃለች።

ጉማሬን ጣና ዳር ከሚኖሩት ከነገደ ወይጦ ሽማግሌዎች በላይ የሚያውቀው የለም፤ አባቶቻቸው አዳኞቹ ነበሩ፣ ታንኳ ሠሪዎቹም እነሱው ናቸው። አፉን በሰፊው ሲከፍት አያዛጋም፤ «ሂድ» እያለ ነው፣ ፎቶ አንሺዎች የሚጠጉት ግን ያኔ ነው። ውሃ ላይ ሁለት ጆሮና አፍንጫ ብቻ ታይቶ ድንገት ሲጠልቅ፣ ቀጥሎ የሚወጣበትን አታውቁምና ራቁ። በታንኳ ስትሄዱ በየጥቂቱ የታንኳውን ጎን በመቅዘፊያው ምቱት፤ ጉማሬው ድምፁን ሰምቶ ብቅ ይላል፣ እናንተም ያለበትን ታያላችሁ። ሳር ለመጋጥ የሚወጣው ሲመሽ፣ የሚመለሰው ሊነጋ ሲል ነው። ዳር ላይ መሐሉ ከፍ ብሎ ግራና ቀኙ የጎደጎደ መንገድ ካያችሁ የእሱ ነው፤ እዚያ ላይ አትቀመጡ። ሩጬ አመልጣለሁ ማለትም አይሆንም፣ በየብስ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ታንኳው ከተገለበጠ ጉማሬው ብዙ ጊዜ የሚጣላው ከታንኳው ጋር ስለሆነ ከታንኳው ተለይታችሁ ወደ ዳር ውጡ። ዋና የማትችሉ ከሆነ ግን ነዶውን አትልቀቁ።

ዋና ካልኩ አይቀር፣ ዳር ዳሩን ከምትዋኙት ውስጥ ጉማሬ ከሚያገኘው ይልቅ ቢልሃርዝያ የሚያገኘው ይበዛል። ከቀንድ አውጣ የሚወጣው ትል በዓይን አይታይም፤ በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳ በስቶ ይገባል፣ በብዛት የሚወጣውም ፀሐይ ከፍ ስትል፣ እናንተ ለመዋኘት በምትመርጡት እኩለ ቀን ላይ ነው። በሳምንቱ ሰገራ ተመርምራችሁ «ነፃ ነህ» ብትባሉ አትመኑ፤ ትሉ አድጎ እንቁላል እስኪጥል ስድስት ሳምንት ያህል ይፈጃል፣ መድኃኒቱም ያልበሰለውን ትል አይገድልም። ከዋኛችሁ ሁለት ወር ሲሞላ ሂዱ፤ ለሐኪሙም ጣና ገብተን ነበር በሉት።