አቮካዶው የሚደርቀው ላዩ ላይ በበቀለው አይደለም

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ነው። እናቴ የተከለችው አንድ አቮካዶ አለን። ግቢውን አሳምረን ከጨረስን ወዲህ ሽበት የመሰለ ነገር ወረረው። ባላው ላይም ቅጠላ ቅጠል በቅሎበታል። ጫፉ እየደረቀ ነው፤ ፍሬማ የለም ማለት ይቻላል። ጎረቤቴ ነጭ ጋዝ ቀቢው አለችኝ። ምን ልርጭበት?»

መልስ፦ ምንም አይርጩ። ነጭ ጋዙን ለምድጃ ይተዉት።

ሽበት ያሉት ላይከን ነው፣ ፈንገስና ዋቅላሚ ተጣምረው የሚኖሩበት፤ ባላው ላይ ያለው ደግሞ ፈርን የሚባለው አበባ የሌለው ቅጠላም ተክል ይመስለኛል። ዛፉ ለእነሱ መቆሚያ እንጂ መሶብ አይደለም። ውሃቸው ከዝናብና ከጤዛ፣ ምግባቸው ከብርሃን፣ ከአቧራና ከበሰበሰ ቅጠል ነው። ዛፍ የሚጠባው ተቀጽላ ነው። ወፍ ዘሩን ቅርንጫፍ ላይ ትጥለዋለች፤ እሱም ሥሩን እንጨቱ ውስጥ ይሰድዳል። እሱን ካዩ ከነቅርንጫፉ ይቁረጡት። የእርስዎ ግን እሱ አይመስልም።

እንዲህ ያሉ ነዋሪዎች ዛፍ ላይ በዘፈቀደ አይሰፍሩም። ቦንጋ ወይም ሐረና ጫካ የገባ ሰው ያውቀዋል። ጥላና እርጥበት ባለበት የግንድ ግርጌ ሳረንስት፣ ያ እንደ ምንጣፍ የሚለጠፈው አጭር አረንጓዴ ተክል፣ ይበዛል። ትልልቆቹ ቅርንጫፎች የሚለያዩበት ባላ ላይ ቅጠል ተጠራቅሞ ስለሚበሰብስ ፈርንና ኦርኪድ እዚያ ይደራሉ። ፀሐይና ነፋስ የሚመታውን ጫፍ የሚችሉት ጥቂቶች ናቸው። ዛፉ ባረጀና በገዘፈ ቁጥር የነዋሪው ዓይነት ይጨምራል። ሳረንስትና ላይከንን ሳንቆጥር እንኳ፣ በዓለም ላይ ከ27,000 በላይ የዕፅዋት ዝርያዎች እንዲህ ዛፍ ላይ ይኖራሉ። አብዛኞቹም ኦርኪዶች ናቸው። ጫካው ግን በእነሱ ምክንያት አልደረቀም።

ታዲያ አሁን ለምን በዛ? ዛፉ ስለደከመ ነው። ቅጠሉ ሲሳሳ ብርሃን ወደ ውስጥ ይገባል፤ ላይከን ደግሞ ብርሃን ይወዳል። ድካሙ ቀደመ፣ ሽበቱ ተከተለ።

ከደብዳቤዎ ዓይኔ የቀረው «ግቢውን አሳምረን» የሚለው ላይ ነው። ሊሾ አስደርገዋል ማለት ነው፤ ያውም እስከ ግንዱ ድረስ። በየግቢው የማየው ይህንኑ ነው። ሰው ለዘመናት ያበላውን ዛፍ በሲሚንቶ ያንቀውና ጥፋቱን ላዩ ላይ በበቀለው ያሳብባል። ይኼ ነገር ቢቀር ደስ ይለኛል።

የአቮካዶ ሥር ጥልቅ አይደለም። የሚመግበው ሥር አብዛኛው ከላይ ባለው ሁለት ስንዝር አፈር ውስጥ ነው፤ አየርም ይፈልጋል። ስለዚህ ከግንዱ ዙሪያ ቢያንስ አንድ ሜትር ያህል ሊሾውን ያስነሱ። ቦታ ካለዎት ከዚያም ይስፋ። መዶሻና መሮ ይበቃል፤ አንድ የቀን ሠራተኛ ይጨርሰዋል። ከሥሩ ሲደርስ ዶማ እንዳይሰነዝር ይንገሩት፣ አፈሩን በእጁ ያንሳ። ግንዱ ላይ የተቆለለ አፈር ወይም ፍርስራሽ ካለ፣ ግንዱ ከሥሩ ጋር እስከሚገናኝበት ድረስ ይጥረጉት። ከዚያ የተከፈተውን ቦታ በደረቅ ቅጠል ወይም በቡና ገለባ አራት ጣት ያህል ያልብሱት። ገለባው ግን ግንዱን አይንካ፣ አንድ ስንዝር ያርቁት። የጣሪያው አሸንዳ ወደዚያ የሚፈስ ከሆነ አቅጣጫውን ያስቀይሩ። አቮካዶ ሥሩ ውሃ ውስጥ ከሰነበተ ይበሰብሳል። ስለዚህ ይህን ሁሉ ክረምቱ ሳይገባ ይጨርሱ። የበረኪና እጣቢም እዚያ እንዳይደፋ።

ላይከኑን በቢላ አይፋቁ። ቅርፊቱን ያቆስሉና ለእውነተኛው በሽታ በር ይከፍታሉ።

ዘንድሮ ፍሬ አይጠብቁ። መጀመሪያ የሚያዩት አዲስ ቅጠል ነው። የግንዱ ግርጌ ጠቁሮ ፈሳሽ ካወጣ ግን ነገሩ ከሊሾ ያለፈ ስለሆነ የወረዳዎን የከተማ ግብርና ባለሙያ ይጥሩ። የደረቀውን ጫፍ መቁረጥ ይችላሉ፤ በጥፍርዎ ጫር ሲያደርጉት ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ ግን ይተዉት።