ቪዛው አላለቀም፣ ቀኑ ግን አልፏል

ጥያቄ፦ ታናሽ እህቴ አክስታችንን ለመጠየቅ በጎብኚ ቪዛ ቨርጂኒያ ሄዳ እዚያው ኮሌጅ ተመዘገበች። ፓስፖርቷ ላይ ያለው ቪዛ ገና ስላላለቀ ተረጋግተን ነበር። አሁን ግን አየር ማረፊያ የተፈቀደላት ስድስት ወር ካለፈ አራት ወር ሆነው ተባልን። አንዱ አግቢ ይላታል፣ ሌላው ጥገኝነት ጠይቂ ይላታል። እዚያው ሆና ወደ ተማሪ ቪዛ መቀየር አትችልም? ዲቪ ቢደርሳትስ? እናታችን እንቅልፍ አጥታለች።
ታላቅ ወንድም፣ ከአዘዞ

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ቀኑን እናጥራው። ቪዛ እስከ አሜሪካ በር ያደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ የመቆያውን ቀን የሚወስነው አይ-94 የሚባለው የመግቢያ መዝገብ ነው። እህትዎ ከድረ ገጹ አውጥታ ታንብበው። እናንተም በእኛ ወር አትገምቱ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ቀን በቀን ቁጠሩ። በ1996 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረት፣ ቀኑ ካለፈበት በኋላ ከ180 ቀን በላይ ቆይቶ የወጣ ሰው ለሦስት ዓመት፣ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ ለአሥር ዓመት እንዳይመለስ ይታገዳል። በእናንተ ስሌት ሁለት ወር ገደማ ቀርቷታል።

ወደ ተማሪ ቪዛ መቀየር የሚችለው የተፈቀደለት ቀን ሳያልፍ ያመለከተ ነው። ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ላጋጠመው ሰው ጠባብ ቀዳዳ አለ፤ «ቪዛው ያለ መስሎን» ግን በዚያ አያልፍም። በጎብኚነት ትምህርት መጀመሯም ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ኮሌጁ መቀበሉ አያጽናናችሁ፤ የኮሌጅ ሬጅስትራር የኢሚግሬሽን ሹም አይደለም።

ጋብቻው እውነተኛና ከአሜሪካ ዜጋ ጋር ከሆነ፣ በሕጋዊ መንገድ ተፈትሻ ስለገባች ቀኑ ማለፉ አያግዳትም፤ ሳትወጣ ግሪን ካርድ መጠየቅ ትችላለች። ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ባል ይህን አያስገኝላትም። የወረቀት ጋብቻ ግን እስከ አምስት ዓመት ያሳስራል፤ ከተደረሰበትም በኋላ ሌላ ሰው በእውነት ብታገባ እንኳ ባልየው የሚያቀርብላት ማመልከቻ አይጸድቅም።

ጥገኝነት የሚጠየቀው፣ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ካልሆኑ በስተቀር፣ አገሩ በገቡ በአንድ ዓመት ውስጥ ነው። እዚህም የቀራት ያው ሁለት ወር ነው። ለጎንደር ሰው ስለ ጦርነት አላስተምርም፤ ሕጉ የሚጠይቀው ግን የአገር መታወክን ብቻ ሳይሆን እሷ በዘሯ፣ በሃይማኖቷ፣ በፖለቲካ አመለካከቷ ወይም በመሳሰለው ምክንያት ጥቃት የምትፈራ መሆኗን ነው። እንዲህ ያለ እውነተኛ ታሪክ ካላት ነገ ሳትል ጠበቃ ዘንድ ትሂድ። ከሌላት ከሰው አትበደር፤ አውቆ የፈጠራ ታሪክ ያቀረበ ሰው ከኢሚግሬሽን ጥቅሞች ለዘለቄታው ሊታገድ ይችላል።

ስለ ዲቪ የምለው ያስከፋል። ፒያሳ ኢንተርኔት ቤት ፎርም የሚሞሉ ልጆች ይህን አይነግሯችሁም፦ ዲቪ ቢደርሳት እንኳ ቀኗ ስላለፈ እዚያው ሆና ግሪን ካርድ አታገኝበትም። ለቃለ መጠይቁ መውጣት አለባት፤ 180 ቀኑ ካለፈ ደግሞ መውጣቷ ራሱ እገዳውን ያመጣል። የዲቪ ዕድል የሚያገለግለው ለአንድ የበጀት ዓመት ብቻ ነው፤ ሦስት ዓመት አይጠብቅም።

ስለዚህ ጠበቃው ሌላ መንገድ ካላገኘላት፣ 180 ቀኑ ሳይሞላ እንድትመለስ እመክራለሁ። ጠበቃ ስል ፈቃድ ያለውን፣ ወይም የአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት እውቅና የሰጠውን ወኪል ማለቴ ነው፤ የአክስትዎን ጎረቤት አይደለም። የያዘችው ቪዛ ቀኑን በማሳለፏ ተሰርዟል፤ የተማሪውን ቪዛ አዲስ አበባ ኤምባሲ እንደ አዲስ ትጠይቃለች። ቆንስሉ ስለ አራቱ ወራት ይጠይቃታል፣ ሊከለክላትም ይችላል። የሦስት ዓመቱ እገዳ ግን አይኖርባትም። ስትመለስ የአውሮፕላን መሳፈሪያ ወረቀቷን አትጣል፤ የወጣችበትን ቀን ለማሳየት ይጠቅማታል።