«ኢኒሻላይዝ ያደርጋል» በአማርኛ ምን ይባል?

ጥያቄ፦ ሊስፕ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈን ኮድ ወደ ማሽን ቋንቋ ስለሚተረጉም ፕሮግራም (ኮምፓይለር) በአማርኛ እየጻፍኩ ነው። «ኮምፓይለሩ ሲነሳ ቢልት-ኢን ታይፕ ሲስተሙን ኢኒሻላይዝ ያደርጋል» የሚለውን እንዴት ላስተካክለው? «ያስጀምራል» ብል ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። «ማስጀመር» ተዘጋጅቶ ያለቀን ነገር ወደ ሥራ ማስገባት ነው፤ እዚህ ግን ዓይነቶቹ (ታይፖቹ፣ ማለትም እንደ ቁጥርና ዝርዝር ያሉ የዳታ ዓይነቶች) ገና ስላልተመዘገቡ የሚጀምር ነገር የለም። በአማርኛ ግሱን የሚመርጠው ተሳቢው ነው፦ ተለዋዋጭ መነሻ ዋጋ ይሰጠዋል፣ ሰንጠረዥ ይሞላል፣ ሥርዓት ደግሞ ይዘረጋል። እንዲህ ይበሉት፦ «ኮምፓይለሩ ሲነሳ አብረውት የተሠሩትን ዓይነቶች መዝግቦ የዓይነት ሥርዓቱን ይዘረጋል።»

ለ«ቢልት-ኢን» «አብሮገነብ»ም ይሄዳል፤ «አብሮ አደግ» እና «አገር በቀል» በሄዱበት መንገድ የመጣ ነው። «ታይፕ»ን ግን ይተዉት፤ «ታይፕ ማድረግ»ን የለመደ አንባቢ ሐሳቡ ወደ ኪቦርድ ይሄዳል።

ቅደም ተከተሉን በቦዝ አንቀጽ ይጻፉት፦ «ቲን መዝግቦ፣ ነምበርን አስከትሎ፣ ኢንቲጀርን ያስገባል»። «እየመዘገበ» ካሉ ሁሉም ጎን ለጎን የሚካሄድ ይመስላል፤ ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ከሊስፕ ዘዬዎች አንዱ በሆነው በኮመን ሊስፕ «ቲ» የሁሉም ዓይነቶች የበላይ ነው፤ «ነምበር» የቁጥሮች ሁሉ፣ «ኢንቲጀር» ደግሞ በሥሩ ያለው የሙሉ ቁጥሮች ዓይነት ነው። «ኢንቲጀር» ከ«ነምበር» ቀድሞ ከመጣ የሚንጠለጠልበት ያጣል፤ ኮምፓይለሩ ወይ በስህተት ይቆማል፣ ወይ «ያልታወቀ ዓይነት» ብሎ ለጊዜው ያልፈዋል።

እዚህ ላይ ጸሐፊ ሊሳሳት ይችላል። «ሰብታይፕፒ» የተባለው ተግባር አንዱ ዓይነት የሌላው ንዑስ ዓይነት መሆኑን ሲጠየቅ ሁለት ዋጋ ይመልሳል፦ መልሱንና እርግጠኛ መሆን አለመሆኑን። «ኒል» እና «ቲ» (እዚህ ላይ ሐሰትና እውነት) ከመለሰ «አይደለም» ማለቱ ነው። ሁለቱም «ኒል» ከሆኑ ግን «መወሰን አልቻልኩም» ማለቱ ስለሆነ «አይደለም» ተብሎ መተርጎም የለበትም። ያልታወቀ ዓይነት ሲገጥመው ሊሰጥ የሚችለው መልስ ይኸው ሁለተኛው ነው።

«ወላጅ» እና «ልጅ» ከማለት «የበላይ ዓይነት» እና «ንዑስ ዓይነት» ይሻላል። ማንኛውም ዓይነት የራሱም ንዑስ ዓይነት ነው፤ ራሱን የወለደ ልጅ ግን የለም።

በፊደላችን የባሰ ወጥመድ የሚሆኑት «ኒል» እና «ነል» ናቸው። የሚለያዩት በ«ነ» ሣልስና ግዕዝ ብቻ ስለሆነ፣ አራሚ የፊደል ግድፈት መስሎት አንዱን ወደ ሌላው ይለውጠዋል። «ኒል» የተባለው ዓይነት አንድም አባል የለውም፤ የሁሉም ንዑስ ዓይነት ነው። «ነል» ግን አንድ አባል አለው፤ እሱም ባዶ ዝርዝርን የሚወክለው «ኒል» የተባለው ዕሴት ነው። ሁለቱንም «ባዶ» ብለው ካለፉ አንባቢው መለየት አይችልም። መጀመሪያ ሲጠቅሷቸው ኒልን «ባዶ ዓይነት»፣ ነልን «የባዶ ዝርዝር ዓይነት» ይበሏቸው፤ ከዚያ ወዲያ በስማቸው ቢጠሯቸው አያሳስትም።