የ12ኛ ክፍል ፈተና፦ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ

ስለ 12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ያላችሁን ጥያቄ አምጡ ብዬ ነበር። አመጣችሁ። ከ20 ዓመት በላይ በወሎ በአንዲት የወረዳ ከተማ ፊዚክስ አስተምሬያለሁ። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህም ፈታኝ ሆኜ ሄጃለሁ። የማውቀውን ልመልስ።

መምህር፣ ልጆቻችን እውነት ይህን ያህል ሰንፈዋል? ከመቶ ሦስት ብቻ አለፈ ሲባል ማመን አቃተኝ። (አንድ አባት)

ቁጥሩን ይመኑት። በ2014 ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ናቸው። 3.3 በመቶ መሆኑ ነው። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ሆነ። በዚያው ዓመት 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ልጅ አላሳለፉም።

ስንፍናውን ግን አልቀበልም። አንድ ልጅ ሰነፈ ይባላል። አንድ ትምህርት ቤት ከነተማሪው ዜሮ ሲያመጣ ግን የሂሳብ መምህሩ መቼ ለቀቀ፣ ማን ተተካ፣ ላብራቶሪው ተከፍቶ ያውቃል ወይ ብሎ መጠየቅ ይገባል። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር እኛ ጋ መጽሐፉ የደረሰው በሶፍት ኮፒ ነው። ስልክ ያለው ልጅ ከስልኩ ያነባል። የሌለው ማታ ማታ ከጓደኛው እየተዋሰ በደብተሩ ይገለብጣል። አንዱ ተማሪዬ የፊዚክሱን ምዕራፍ ሁለት ከነሥዕሉ በእጁ ገልብጦ አሳይቶኛል። ይህን ልጅ ሰነፍ የሚል አፍ የለኝም።

ለምን በየትምህርት ቤታቸው አይፈተኑም? ልጅን ከቤት አውጥቶ ግቢ ማሳደር ምን ይሉታል?

ኩረጃው አስገድዶ ነው። በግንቦት 2008 የእንግሊዝኛው ፈተና ወጥቶ በማኅበራዊ ሚዲያ ተበተነ። ፈተናው በሙሉ ተሰርዞ እንደገና ተሰጠ። ከዚያ በኋላም መልስ በስልክ ይዞር ነበር። መልስ እየተነገረው ሙሉ ክፍል አንድ ዓይነት ሲያጠቁር ያየ መምህር ብዙ ነው። ለፍቶ ያጠና ልጅ ከኮራጅ እኩል ይቆጠር ነበር፤ አንዳንዴም ይበለጥ ነበር። ጉዞው፣ አዲሱ አልጋና አዲሱ ምግብ ልጆቹን እንደሚያደክማቸው አይቻለሁ። ቢሆንም ወደ ግቢ መግባቱን እደግፋለሁ። ለሐቀኛው ልጅ መከታ ሆኖታል።

ፈተናው ዕውቀት ነው የሚለካው ወይስ እንግሊዝኛ?

ይህ ጥያቄ ቆይቶ ሲያመኝ የኖረ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና በእንግሊዝኛ ነው፤ ሂሳቡም ኬሚስትሪውም። ብዙው ልጅ ደግሞ እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋው ተምሮ 9ኛ ላይ በአንድ ጊዜ ወደ እንግሊዝኛ ይገባል።

ግቢ ውስጥ ስፈትን አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ጠጋ አልኩ። በእርሳሷ ጫፍ አንድ ቃል አሳየችኝ፤ «ኔግሊጂብል» ይላል። ጥያቄው በተዳፋት ላይ ስለሚንሸራተት ሳጥን ነው። ሰበቃው ከቁጥር አይገባም ማለቱ ነው። ሥዕሉን ሠርታ፣ ኃይሎቹን በየአቅጣጫቸው በቀስት አመልክታ ጨርሳለች። የቀራት ሰበቃውን ታስገባው ወይስ ትተወው የሚለው ብቻ ነበር። ፈታኝ ምንም መናገር አይችልም። ራሴን ነቀነቅኩና አለፍኩ። ስመለስ ጥያቄውን ዘልላ ወደ ሌላ ገጽ ሄዳለች። ፊዚክሱን ታውቃለች። ውጤቷ ላይ ግን እንደማታውቅ ተጻፈ።

ፈተናውን ነገ ወደ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ትግርኛ እንመልሰው ማለቴ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ እንግሊዝኛው ይጠብቃቸዋል። ግን የእንግሊዝኛ ዕውቀት በእንግሊዝኛ ፈተና ይለካ። ፊዚክሱ ላይ ያሉት ቃላት ቢቀሉ ፊዚክሱ አይቀልም። ጥያቄ የምታወጡ ሁሉ እባካችሁ ይህን አስቡልኝ።

ልጄ 41 በመቶ አመጣ። ከክፍሉ አይወጣም፣ አይበላም። ምን ልበለው? (አንዲት እናት)

እህቴ፣ መጀመሪያ ስለ ፈተና አያናግሩት። ምግብ ይዘው ይግቡና አብረውት ይቀመጡ። ዝም ብሎ ከከረመ፣ ተስፋ የመቁረጥ ቃል ከወጣው ደግሞ ውለው ሳያድሩ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ይህን በልምድ ነው የምልዎ፤ ቀላል ነገር አይደለም።

ሲረጋጋ የሚከተለውን ይንገሩት። 41 በመቶ የጨለማ ውጤት አይደለም። አራት ምርጫ ያለውን ጥያቄ ሳያነቡ ቢያጠቁሩት እንኳ በአማካይ 25 ይገኛል፤ እሱ ከዚያ ብዙ ርቋል። ግማሽ ላላመጡ ተማሪዎች ሬሜዲያል የሚባለው የማካካሻ ፕሮግራም አለ። መግቢያ ነጥቡ ይፋ ሲሆን ይከታተሉ። በግል ተመዝግቦ እንደገና መፈተንም ይችላል። ቴክኒክና ሙያም አለ። እባክዎ ይህን የመጨረሻውን እንደ ቅጣት አድርገው አያቅርቡለት። ሰፈሩ «የእገሌ ልጅ ወደቀ» ሲል እርስዎ መሃል ይቁሙለት።

በ2017 8.4 በመቶ አለፈ። ተሻሽለናል ማለት ነው?

በከፊል። ያለፉት 48,929 ናቸው፤ ከ2014 በግልጽ ይበልጣሉ። ግን የተፈተኑት 585,882 ነበሩ። ከ2014 ጋር ሲነጻጸር ከ310 ሺህ በላይ ተፈታኝ ጎድሏል። በአማራ ክልል በግጭቱ የተዘጉ ትምህርት ቤቶችን አስቡ። ፈተና ላይ ያልተቀመጠ ልጅ ወደቀም አለፈም አይባል፤ በመቶኛው ውስጥ የለም። ለእኔ ከወደቁት ይልቅ የሚያሳስቡኝ እነዚህ ናቸው።

በኦንላይን መሰጠቱስ?

በ2016 ተጀምሯል። ወረቀት በመኪና ከማጓጓዝና ከስርቆት ያድናል። ማውዝ ነክቶ የማያውቅ ልጅ ግን ከፈተናው በፊት ደጋግሞ ይለማመድ። ያለዚያ ያቺ ልጅ በአንድ ቃል የተሰናከለችበት ችግር በሌላ መልክ ይመጣል።

ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። ልጄ ሦስተኛ ክፍል ገባች፤ የስቴት ፈተና አለ ተባልኩ። ልጨነቅ?

አይጨነቁ ወንድሜ። እ.ኤ.አ. በ2002 የጸደቀው የፌዴራል ሕግ ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል በየዓመቱ ንባብና ሂሳብ ይፈተን ብሎ ደነገገ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ሕጉ ቢተካም ፈተናው ቀጠለ። እዚያ ጫናው ይበልጥ በትምህርት ቤቱ ላይ ነው። ልጅዎ በዚያ ዕድሜ ዕጣዋ አይወሰንም።

ጫናው መምህር ላይ ሲወድቅ ምን እንደሚሆን አትላንታ አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በ2015 አሥራ አንድ የትምህርት ሠራተኞች የተማሪዎችን መልስ በማስተካከል ቅሌት በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባሉ። እንጀራ ከውጤት ጋር ከታሰረ ፈረንጁም ሐበሻውም ይፈተናል።

በአጭሩ፣ ፈተናው ይቅር ትላለህ ወይስ ይቀጥል?

ይቀጥል። ፈተናው ቢቀር ቦታውን የሚወስደው ዘመድና ገንዘብ ነው። ከገጠር መጥቶ ሐኪም የሆነ የገበሬ ልጅ አውቃለሁ፤ ሌላ መወጣጫ አልነበረውም።

ግን የ12 ዓመት ልፋት በጥቂት ቀናት አይቆረጥ። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2011 በኋላ ቀርቷል። ከ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና በኋላ ለአራት ዓመት ለልጁ እውነቱን የሚነግረው የለም። ትምህርት ቤቱ 85 ይሰጠዋል፣ ብሔራዊው 28። እኔ የምለው እንዲህ ነው። 4ኛ ክፍል ላይ ንባቡ ይታይ፤ ሊጣል ሳይሆን ሊረዳ። 10ኛ ላይ እንደገና ይታይ። 12ኛ ላይ የወደቀ በዚያው ዓመት ሁለተኛ ዕድል ያግኝ። በሬሜዲያል 30 በመቶው በዩኒቨርሲቲው፣ 70 በመቶው ከማዕከል በሚመጣ ፈተና ሲያዝ አይተናል፤ ስለዚህ ነጥብን ከሁለት ቦታ መያዝ ይቻላል።

መምህር፣ በቅርቡ ወደ ግቢ ልንገባ ነው። ምን ልያዝ?

አድሚሽን ካርድህን ከሁሉ በፊት። መታወቂያ፣ እርሳስ፣ ላጲስ፣ መቅረጫ። አንሶላና ብርድ ልብስ። ስልክና ስማርት ሰዓት ቤት ይቅር፤ በር ላይ ይዘውህ ሌላ ጣጣ ውስጥ ትገባለህ። ማታ አታንብብ፣ ተኛ። ጠዋት ሻዩ ባይጣፍጥህም ዳቦውን ብላ። የማታውቀው ቃል ሲገጥምህ ደግሞ ጥያቄውን ዘልለህ አትሂድ፤ ሥዕሉን ሥራና ከምርጫዎቹ ተነስተህ ወደ ኋላ ፈልገው።