የታመመ የግቢ ዛፍ፦ ጠይቁ፣ ልመልስ

ሰሞኑን ስለ ግቢ ዛፍ የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። አብዛኛው ከአዲስ አበባ ዳር ዳሩን ነው፤ ከለገጣፎ፣ ከገላን፣ ከሱሉልታ። ሁላችሁም የቅጠል ፎቶ ትልካላችሁ። ቅጠሉ ይቆየን። መጀመሪያ ግንዱ መሬት የሚገባበትን ቦታ አሳዩኝ።

ጥያቄ (ለገጣፎ)፦ ጋሼ፣ ቤቱን ስንገዛ የነበረ ትልቅ ዝግባ አለን። ካቻምና ግቢውን ሞልተን ኮብልስቶን አስነጠፍን። አሁን ከአናቱ እየደረቀ ነው። ምን መድኃኒት ልርጭበት?

መልስ፦ እህቴ፣ ምንም እንዳትረጪ። ዛፍሽ ታፍኖ ነው። ዛፍ ውሃ የሚጠጣበትና የሚተነፍስበት ቀጭን ሥር ጥልቅ አይደለም፤ አብዛኛው ከላይ ግማሽ ሜትር ውስጥ ነው፣ ወደ ጎን ደግሞ ከቅርንጫፉ ጫፍ አልፎ ይሄዳል። እዚያ ላይ ገረጋንቲ ደፍታችሁ፣ ጠቅጥቃችሁ፣ ድንጋይ ስትደረድሩበት አየሩም ውሃውም ተዘጋበት። እስቲ ግንዱን እዪው። ጤነኛ ዛፍ መሬት ሊነካ ሲል ሰፋ ይላል። ያንቺ እንደ ስልክ እንጨት ቀጥ ብሎ አፈር ውስጥ ከገባ ተቀብሯል ማለት ነው።

በዶማ ሳይሆን በእጅና በትንሽ መኮትኮቻ አፈሩን ቀስ እያልሽ አንሺለት፣ የሰፋው ቦታ እስኪታይ። ኮብሉንም አስነሺ። እስከ ጥላው ጫፍ ቢሆን ደስ ይለኛል፣ ካልሆነ ዙሪያውን ሁለት ሜትር። የተከፈተው ላይ ደረቅ ሣር ወይም የረገፈ ቅጠል ጎዝጉዢ፣ ግንዱን ግን አይንካ። የደረቀው አናት ተመልሶ አይለመልምም፤ ከታች ካሉት ቅርንጫፎች አዲስ ቅጠል ካየሽ ግን ተስፋ አለው። በወር የሚታይ ነገር አይደለም፣ ሁለት ሦስት ክረምት ይፈልጋል። ኮብሉን ለማስነሳት ባልሽ ካንገራገረ፣ እንዲህ ያለ ዝግባ ዛሬ ቢተከል ጥላው ለልጅ ልጅ እንደሚደርስ ንገሪው።

ጥያቄ (ገላን)፦ ግራቪሊያዬን በየቀኑ አጠጣዋለሁ፣ ግን እየገረጣ ነው። ውሃ አንሶት ይሆን? ዩሪያስ ልጨምርበት?

መልስ፦ ውሃው በዝቶበት ይመስለኛል። እናንተ ጋ ብዙው መረሬ አፈር ነው፤ ውሃ ከያዘ አይለቅም፣ ሥሩ እዚያው ይበሰብሳል። እስከ ክርንህ ቆፍረህ አፈሩን ጨብጠው። ጭቃ ሆኖ እጅህ ላይ ከተጣበቀ እንዳታጠጣ። ትልቅ ዛፍ በበጋ በሁለት ሦስት ሳምንት አንዴ፣ ግንዱ ላይ ሳይሆን ጥላው ጫፍ አካባቢ፣ ቀስ ብሎ እንዲሰርግ ተደርጎ ቢጠጣ ይበቃዋል። ክረምት ላይ የሚያቁር ከሆነ ቦይ አውጣለት። በረኪና ያለበት የልብስ እጣቢም አትድፋበት። ዩሪያውን እርሳው፣ የታመመ ሥር ያቃጥላል።

ጥያቄ፦ ቅጠሉ ሁሉ ረገፈ። ሞቶ ነው?

መልስ፦ ቅርንጫፉን በጥፍርህ ፋቅ አድርገው። ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ በሕይወት አለ፤ ቡናማና ደረቅ ከሆነ ያ ቅርንጫፍ አልቆለታል። ከተለያየ ቦታ ሞክር። ጃካራንዳ ከሆነ ደግሞ በበጋ ማራገፍ ልማዱ ስለሆነ አትደንግጥ።

ጥያቄ (ሱሉልታ)፦ ልጄ፣ የደጄ የፈረንጅ ጥድ ከውስጥ እየቀላ ነው። ቅርንጫፉ ጥላሸት የተቀባ ይመስላል፣ ጉንዳንም ወሮታል።

መልስ፦ እማማ፣ ጉንዳኑ ለጣፋጩ ነው የመጣው። ቅርንጫፉ ላይ የተጣበቀ ጥቃቅን ተባይ፣ ክሽክሽ የሚባለው፣ ጭማቂውን እየመጠጠ ጣፋጭ ፈሳሽ ያወጣል፤ ጥቁሩ ሻጋታ የሚበቅለው እዚያ ፈሳሽ ላይ ነው። በጎማ ውሃ በኃይል ያስመቱት፣ ከዚያ ቀጠን ያለ የሳሙና ውሃ ያስረጩበት፣ ከሳምንት በኋላም ይድገሙት። ደረቁን ያስቆርጡ። ግን ልንገርዎት፣ የፈረንጅ ጥድ ቅጠል ከሌለው አሮጌ እንጨት መልሶ አያቆጠቁጥም፤ ግማሽ ጎኑ ከደረቀ ራቁቱን ይቀራል።

ጥያቄ፦ ቅርንጫፍ ከቆረጥን በኋላ ቀለም ወይም የተቃጠለ ዘይት እንቀባው?

መልስ፦ አትቀቡ። ቁስሉን ራሱ ይዘጋዋል። ዋናው አቆራረጡ ነው፦ መጀመሪያ ከግንዱ ራቅ ብሎ ከሥር በመጋዝ ትንሽ ይነካል፣ ከዚያ ከላይ ይቆረጣል፣ በመጨረሻ ጉማጁ ይነሳል። አለበለዚያ ሲወድቅ ቅርፊቱን ልጦ ይሄዳል። ቅርንጫፉ ከግንዱ ሲወጣ ያበጠ ቀለበት አለው፣ እሱን አትንኩ። ደግሞ በአንድ ጊዜ ከሩብ በላይ አትቁረጡ።

ጥያቄ (ሰበታ)፦ ከግንዱ ሥር እንጉዳይ በቅሏል፣ ዛፉም ዘንድሮ ወደ ልጆቹ መኝታ ቤት አዘንብሏል። ይድናል?

መልስ፦ አይድንም፣ አትጠብቅ። ሥሩ በስብሷል። በነፋስና በዝናብ ሰዓት ልጆቹን ከዚያ ክፍል አውጣ። ፈቃዱን ከወረዳ ጠይቅና በገመድ ከላይ እየቀነሰ የሚያወርድ የለመደ ሰው ፈልግ። ጎረቤት ሰብስባችሁ በመጥረቢያ እንዳትጀምሩት። ጉቶውንና ወፍራም ሥሩን አስወጣ፣ በሽታው እዚያ ይቆያል። ምትኩን ሌላ ቦታ፣ ከቤቱም ከሴፕቲክ ታንኩም ርቆ፣ ሐምሌ ላይ ትተክላለህ። ዋንዛ ወይም ወይራ ይሁን፤ ዋርካና ሾላ ለጠባብ ግቢ አይሆኑም።