«ሙሽራውስ የታለ?»

ሰሞኑን አንዲት ተማሪ «ጋሼ፣ የሰዓሊው የብሩጌል የገበሬ ሠርግ ላይ ፔፐር ልጽፍ ነው፣ ስዕሉ ምን ማለት ነው?» ብላ ሜሴጅ ላከችልኝ። መልስ ጀምሬ ተውኩት፣ «ምን ማለት ነው» ሲባል አንድ የሚቆጨኝ ነገር ትዝ ይለኛል።

ቪየና አስጎብኚ ሆኜ ስሠራ እናቴ ልትጠይቀኝ መጣች፣ ጎጃም ስንት ሠርግ የደገሰች ሴት ናት። ኩንስትሂስቶሪሸስ ሙዚየም ወሰድኳት፣ ያው ልኩራራባት ነው እንጂ፣ የቲኬቱን ዋጋ እንኳ ስትጠይቀኝ ዋሽቻታለሁ። እዛ ስዕል ፊት ስንደርስ ቀጥ ብላ ቆመች። ገና አፌን ሳልከፍት ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ነዶዎች አይታ «ምርቱ ገብቷል» አለች። ሁለቱ አሳላፊዎች ሳህን ደርድረው የተሸከሙት በር መሆኑ ሲገባት ደግሞ ሳቀች፣ «ትሪ ሲያጥራቸው በር ነቀሉ!» «አዝማሪው ምግቡን ነው የሚያየው፣ ርቦታል።» ከዛ አረንጓዴ ጨርቁ ፊት እጇን አጣምራ የተቀመጠችውን አየቻት። «ሙሽራዋ ይቺ ናት፣ ሰው ሲበላ እሷ አትበላም። ሙሽራውስ የታለ?»

እኔ ሆዬ አጠገባችን ቱሪስቶች ስለነበሩ አፈርኩ። «እማዬ፣ ሠርጉ ሰበብ ነው፣ ስዕሉ ስለ ሆዳምነት ነው» አልኳት በዛ በአስጎብኚ ድምፄ። ያኔ ያነበብኩት እንደዛ ይል ነበር። «እንዴ፣ ገንፎ እኮ ነው፣ ሥጋ የት አለ?» አለች ቀስ ብላ። «እሱን የተማሩት ያውቁታል» አልኳት። የቀሩትን ክፍሎች ሁሉ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ዝም ብላ ተከተለችኝ፣ ምንም አልጠየቀችም።

ሙሽራው የቱ እንደሆነ ሊቃውንቱ እስከዛሬ አልተስማሙም። ምግቡም ገንፎ መሳይ ነገር፣ ዳቦና በእንስራ የሚቀዳ መጠጥ ነው፣ ይሄ ሆዳምነት ከሆነ የኛ ሠርግ ምን ሊባል ነው? ስዕሉ እ.ኤ.አ. 1567 ገደማ የተሳለ ነው፣ ሰዓሊው በ1569 ሞተ። የሰዓሊዎችን ሕይወት የጻፈው ካሬል ፋን ማንደር በ1604 ሲጽፍ ብሩጌል ከአንድ ነጋዴ ወዳጁ ጋር የገበሬ ልብስ ለብሶ፣ ዘመድ ነኝ እያለ ስጦታ ይዞ ሠርግ ይገባ ነበር ይላል፣ ተረት ሊሆን ይችላል ግን ደስ ይለኛል።

እናንተ ጎብኚዎች ደግሞ አሁን አሁን ስትመጡ ከበሩ ሥር ትርፍ እግር አለ የሚለውን ቲክቶክ ላይ አይታችሁ እግር ቆጥራችሁ ፎቶ አንስታችሁ ትሄዳላችሁ፣ ሦስት ደቂቃ አትቆሙም። መግለጫውን ሳታነቡ መጀመሪያ 20 ደቂቃ ቁሙ እላለሁ ሁሌ። እኔ ግን እውነቱን ለመናገር ዛሬም መጀመሪያ የማነበው መግለጫውን ነው፣ ደግሞስ ሳይነበብ ቀኝ ጥግ ያለው መነኩሴ ፍራንሲስካን ከሚባለው የካቶሊክ ማኅበር መሆኑ ከየት ይታወቃል።

እናቴ አገር ከገባች በኋላ ስልክ ስደውል ስለ ቪየና አንድ ነገር ብቻ አነሳች፣ ከፊት መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሳህኑን በጣቱ የሚጠርገውን ልጅ፣ ፊቱን እስኪሸፍነው ድረስ ባለ ላባ ባርኔጣ ያጠለቀውን። «ባርኔጣው የአባቱ መሰለኝ፣ አይደል?» አለችኝ።

«እማዬ፣ ካርዱ እያለቀ ነው» አልኳት።