ሃይላንዱ ለምን ተኮማተረ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጣና ዳር ሻይ እሸጣለሁ። ደንበኛ «ይዤው ልሂድ» ሲለኝ በሃይላንድ ስቀዳለት ጠርሙሱ ይኮማተራል። አፉ ግን ብዙም አይነካም። ለምን?

እህቴ፣ ጥሩ አስተውለሻል። ሃይላንድ መጀመሪያ ጠርሙስ አይደለም። ፔት የሚባለው ፕላስቲክ ቀልጦ ሻጋታ ውስጥ በግፊት ይገባና አጭርና ወፍራም ቱቦ ይሆናል። አፉና የክዳኑ ጥርስ ያኔውኑ አልቋል። ከዚያ ቱቦው ይሞቅና በአየር እንደ ፊኛ ይነፋል፤ እንደተለጠጠም ይቀዘቅዛል። ገላው እንደተወጠረ ቀረ ማለት ነው። ፔት ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ላይ ይላላል፤ ባሕር ዳር ላይ ውሃ የሚፈላው ደግሞ 94 ዲግሪ ገደማ ነው። ሻይሽ ሲገባበት ገላው ወደ ድሮ ልኩ ልመለስ ይላል። አፉ ወፍራም ነው፣ አልተለጠጠም፤ ወዴት ይመለስ? እስቲ አንዱን ገልብጠሽ እይው፤ ቂጡ መሐል ያለችው እንብርት ፕላስቲኩ የገባባት በር ናት። ለሻዩ ግን ደንበኞችሽ ፔርሙዝ ይዘው ይምጡ።

የጣናን የደንገል ታንኳ በፋይበር ግላስ ሠርቼ ለቱሪስት ማከራየት አስቤያለሁ። ቅርጹን እንዳለ ልቅዳው?

ኧረ ተው! ያ ቅርጽ የደንገሉ ነው። የደንገል ውስጡ እንደ ስፖንጅ አየር የቋጠረ ስለሆነ እስሩ በራሱ ይንሳፈፋል፤ በመሐሉ ውሃ ቢገባም ወዲያው አይሰጥምም። ጣጣው ውሃ እየጠጣ መክበዱ ነው፤ ባለቤቱ ከውሃ አውጥቶ ዳር ላይ አቁሞ የሚያደርቀው ለዚያ ነው። ፋይበር ግላስ ግን ከውሃ ይከብዳል። የሚያንሳፍፈው ጎኑ ከፍ ብሎ ውሃ ወደ ውስጥ እንዳይገባ መከልከሉ ነው፤ ውሃ ከሞላው አለቀለት። ስለዚህ ጎኑን ከፍ አድርገው፤ ከፊትና ከኋላ የታሸገ የአየር ክፍል ተውለት። ለአምስት ስድስት ጀልባ ውድ የብረት ሻጋታ አያስፈልግህም። የእንጨት ሞዴል ሠርተህ፣ ከሱ ሻጋታ አውጥተህ፣ የፋይበር ግላሱን ጨርቅ በሬዚን፣ ማለትም ኋላ በሚጠጥረው ፈሳሽ፣ እያራስክ በእጅህ ደርብ። እኔን ብትጠይቀኝ ግን ቱሪስቱ የሚመጣው ደንገሉን ብሎ ነው።

ሮቶዬ ተሰነጠቀ። ሱፐር ግሉ ሞከርኩ፣ አልይዝ አለ።

አይይዝም። ሮቶው የተሠራበት ፖሊኢትሊን የሚባለው ፕላስቲክ ከሙጫ ጋር አይስማማም። በሙቅ አየር፣ በራሱ ዓይነት ፕላስቲክ ነው የሚበየደው። ወደ በያጅ ከመውሰድዎ በፊት ባዶ አድርገው በደንብ ያድርቁት፤ እርጥብ ስንጥቅ አይበየድም።